ሹክሹክታ በሽመናው አዳራሽ

የእትዬ ደወል ችግር ለመናገር ቀላል ነው፤ ድምፃቸውን መቀነስ አልቻሉም። ካልቀነሱ ደግሞ እሳቸውና ጓደኞቻቸው መስኮቱ ሥር ያለችውን ጠረጴዛ ያጣሉ።

ነገሩ እንዲገባን ከአዳራሹ እንጀምር። ከተማው መሃል የነበረ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ነው። ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ግቢው ለዓመታት የድመትና የአረም ሆኖ ከረመ። ከዚያ አልሚዎች መጡና መልሰው አበጁት፤ ክር መፍተያው መኖሪያ ቤት፣ ቀለም ቤቱ ክሊኒክ፣ ቦይለር ክፍሉ የአትክልት መሸጫ ሆነ። ረጅሙ ጭስ ማውጫ ለጌጥ ቀረ፤ አሁን የሚወጣበት ርግብ ብቻ ነው። ከግቢው ሁሉ ጫጫታው የባሰበት የሽመናው አዳራሽስ? ቤተ መጻሕፍት ተደረገ! ለቀድሞ ሸማኔዎችም መስኮቱ ሥር አንዲት ጠረጴዛ ተሰጠቻቸው።

እትዬ ደወል ጉልበታቸውን የጨረሱት እዚያው መስኮት ሥር ማሽን ላይ ቆመው ነው። መወርወሪያው ክሩን ይዞ ግራና ቀኝ ሲላተም፣ ያ ሁሉ ማሽን አንድ ላይ ሲላተም፣ አጠገብ ያለ ሰው ቢጮኽ አይሰማም። እንዲህ ያለ ቦታ የኖረ ጆሮ ይደነዝዛል፤ የደነዘዘ ጆሮ ደግሞ የገዛ ባለቤቱን ድምፅ አይመዝንም። ስለዚህ ሸማኔዎቹ ሹክ ያሉ እየመሰላቸው ይጮኻሉ።

የመጀመሪያው ቀን እትዬ ደወል በፋብሪካው የተበጠሰ ክር ትቀጥል ወደነበረችው ጓደኛቸው፣ ወደ ክር ቀጣይዋ ጠጋ ብለው ሹክ አሉ፦ “ያንን ጎረምሳ አየሽው? ጸጉሩን ያበጠረው በሹካ ነው እንዴ?”

ጎረምሳው ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ፣ “በጣቴ ነው፣ እትዬ!” ብሎ መለሰላቸው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ግን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አያቸው። ይሄ ደግሞ ባሰ። ሸማኔዎች በዚያ ጫጫታ የሚግባቡት በከንፈርና በእጅ ስለነበር፣ ከንፈርን መጋረድ ለሰው ጀርባ እንደ መስጠት ነው።

“ጭራሽ አፉን ይከድንብናል!” አለች ክር ቀጣይዋ።

ኃላፊው ጠረጴዛቸው ድረስ መጣ። “እትዬ፣ ይሄን ወር ልታገሥ። ካልተስተካከለ በረንዳው ላይ ትቀመጣላችሁ፤ አንባቢው ሊበላኝ ነው።”

“በረንዳ ላይ ምን አለኝ፣ ልጄ? የኔ ማሽን የቆመው እዚህ ነው።”

“እሱንማ በረንዳውም ሰምቷል፣ እትዬ።”

እትዬ ደወል ሁሉንም በተራ ሞከሩ። ጆሯቸውን በጥጥ ደፈኑ፤ ድምፃቸው ጨመረ። አፋቸውን በሻርፕ ሸፈኑ፤ ማን ምን እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። አንድ ጠዋት ግን መነጽራቸውን ቤት ረስተው መጡ። ክር ቀጣይዋ ማዶ፣ ጋዜጣ መደርደሪያው ጋ ቆማለች። ሳያስቡት እጃቸው ተነሣ፤ ሁለት ጣት ወደ ዓይን፣ ከዚያ መዳፍ ዘርግቶ መሳብ። እሷም በእጇ፣ “የኔን ላምጣልሽ፣ ቆይ” አለቻቸው። በመካከላቸው ያሉት አንባቢዎች ቀና እንኳ አላሉም።

ይኸው! ያ የድሮ የእጅ ወሬ አንዱም አልጠፋም። ጣትን እንደ መቀስ ማላተም “ክር ተበጠሰ” ነው፤ አሁን “ወሬ ቀይሪ” ለማለት ይሆናል። ፂም መጠምዘዝ “አለቃ መጣ” ነው፤ ኃላፊው አገጩ እንደ እንቁላል ቢለሰልስም ባለፈ ባገደመ ቁጥር ይጠመዘዝለታል።

ችግሩ ፂሙ በተጠመዘዘ ቁጥር ጠረጴዛዋ በሳቅ መናወጧ ነው፤ ወሩም እየተገባደደ ነው። “ዝም በሉ” የሚል ምልክት ደግሞ የላቸውም። በዚያ ፋብሪካ ዝም በሉ የሚል ማን ነበር?

ስለዚህ እትዬ ደወል ምልክት እየፈጠሩ ነው። መጀመሪያ መዳፍን ወደ ታች መጫን ሞከሩ፤ እሱ ለካ “ማሽን አጥፉ፣ ሥራ አበቃ” ነበርና ሁሉም ቦርሳቸውን አንሥተው ለመሄድ ተነሡ። አሁን የያዙት ሌላ ነው፤ ያለቀለትን ጨርቅ እንደሚያጥፍ ሰው አንዱን መዳፍ በሌላው ላይ ቀስ አድርጎ ማጠፍ። ጓደኞቻቸው ለምደውታል። ኃላፊውም ከመቀመጫው ሆኖ ይለማመዳል።

“እጁ ገና ይጮኻል” ይላሉ እትዬ ደወል፤ ይሄን ግን በእጃቸው ነው የሚሉት።