ስክሪኑን ቆልፈን ሳጥኑን የሸጥን ቀን

ያን ቀን ግቢው ውስጥ የነበርነው አምስት ነን። የንብረት ክፍል ኃላፊው ጋሽ ተፈራ፣ የበሩ ጥበቃ ሐመዱ፣ ጸሐፊዋ ወይንሸት፣ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ዕቃ ሊገዛ የመጣው ከድር፣ እና ጽዳትና ሻይ የምሠራው እኔ። ስማቸውን ሁሉ ቀይሬዋለሁ። ለምን እንደቀየርኩት አንብባችሁ ስትጨርሱ ይገባችኋል።

ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ ልጄ ናት። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች «እማዬ፣ ቢሮአችን አሮጌ ኮምፒውተሮቹን ሊሸጥ ነው» አለችኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጥኩና «ውስጡ ያለው የሰው ስምስ?» አልኳት። «አንቺ ደግሞ የማያስጨንቅሽ ነገር የለም!» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው። በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ እጀታውን የምሞክር ሴት ነኝ። ይህኛው ጭንቀት ግን ከሰመራ ይዤው የመጣሁት ነው።

ያኔ ሰመራ ገና ከተማ ልትሆን ነበር። ከአስፋልቱ ወዲህና ወዲያ የተበተኑ ቢሮዎች፣ ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያ ነፋስ። ጠዋት የወለወልኩት ጠረጴዛ ላይ ቀትር ላይ በጣት መጻፍ ይቻል ነበር። እኔ የአዋሽ ባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ በባቡር ጩኸትና በመንገደኛ ወሬ መሀል ነው ያደግኩት። የሰመራ ዝምታ ሆዴን ያባባው ነበር። እሑድ እሑድ ደረቅ ዳቦዬን በሻይ እየነከርኩ በመስኮት የሚያልፉትን ከባድ መኪናዎች እቆጥር ነበር። ከወይንሸት በቀር የማዋየው ሰው አልነበረኝም።

ወይንሸት ባሏን ሸሽታ ከደጋ የመጣች ናት። ግራ ክንዷ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ነበራት፤ በዚያ ሐሩር እጅጌዋን ሰብስባ አታውቅም። ያቃጠላት እሱ ነው። ሥራው ደግሞ የጅቡቲ መስመር ሹፌርነት ነበር።

«ታዲያ በየሳምንቱ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ትደበቂያለሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ሩቅ አገር ነው የሚፈልገኝ። በእግሩ ሥር ማን ይፈልጋል?» አለችኝ።

ቢሮአችን ውስጥ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ኩባያ ላይ ስሙ በቀለም ይጻፍ ነበር። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ነኝ፤ ፊደሉ ከአእምሮዬ ጠፍቶ የአንዱን ሻይ ለሌላው እየሰጠሁ መሳቂያ ሆኜ ነበር። ወይንሸት ኩባያዎቹን ደርድራ እንደገና ማንበብ አስተማረችኝ። መጀመሪያ የለየሁት የእሷን ስም ነው።

ቢሮው አንድ ኮምፒውተር ነበረው። የሠራተኛው ስም፣ የቤት ቁጥርና አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ዘመድ በሙሉ እዚያ ገብቶ ነበር። ይሠራበት የነበረው ልጅ ተዛወረ፤ ማሽኑም አቧራ በልቶት አልነሣ አለ። ኅዳር ላይ እንዲሸጥ ተወሰነ። ወይንሸት የራሷን የጽሕፈት መኪና እንጂ ያንን ነክታው አታውቅም።

«ጋሽ ተፈራ፣ የእኛ ስም እኮ እዚያ ውስጥ አለ» አለች።

«ጽሑፉን የምናየው በየት በኩል ነው?»

«በስክሪኑ።»

«በቃ! ስክሪኑን እኔ ካዝና ውስጥ ቆልፌዋለሁ። ይሄ ባዶ ሳጥን ነው። ቁልፉን ላሳይሽ?» አሉና ከኪሳቸው አውጥተው አቃጨሉት።

ሳቅን። እሷም ሳቀች። ሳጥኑን በእርጥብ ጨርቅ አጽድቼ በገመድ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሐመዱ ተሸክሞ የከድር መኪና ላይ ጫነው።

ለገና እናቴ ዘንድ ሄድኩ። አውቶቡሱ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሲቆም ሐብሐብ ሻጮቹ ከበቡን፤ የጥብሱ ሽታ ከየሆቴሉ ይመጣል። ቤት የገባሁ ያህል ደስ አለኝ። ከሆቴሎቹ አጠገብ አንድ አዲስ የጽሕፈት ሱቅ ተከፍቷል። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። እንደ ልማዴ ፊደል እየለቀምኩ ሳነብ የወይንሸትን፣ ያንን የኩባያውን ስም አገኘሁት። ሰመራ ይላል። የቢሮአችን ስምና የቤት ቁጥሯም አለ።

ባለሱቁ ከድር ነበር። ሲያየኝ ደስ አለው።

«የሰመራዋ ልጅ! ያ ሳጥናችሁ እኮ አቧራውን ብቻ ነበር የፈለገው፤ ጠረግኩለት፣ ከራሴ ስክሪን ጋር አገናኘሁት፣ ተነሣ። ፊደሉ ሲያምር አየሽው? ለናሙና ለጠፍኩት። ሹፌሮቹ ሁሉ ቆመው ያነቡታል።»

«ስንት ቀን ሆነው?»

«ሁለት ሳምንት ይሆናል።»

ወረቀቱን ገነጠልኩት። «ኧረ ምን ነካሽ! ሌላ አወጣለሁ» አለኝ እየሳቀ። በጆሮው ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ። «ወላሂ አላወቅኩም» ብሎ ማሽኑን ነካካና «ይኸው፣ ጠፋ» አለኝ። እዚያ ውስጥ «ጠፋ» ማለት ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር፤ ዛሬም በደንብ አላውቅም።

ያኔውኑ መመለስ ነበረብኝ። በዓሉን ከእናቴ ጋር ልዋል አልኩ። ሁለት ቀን ቆየሁ። እነዚያን ሁለት ቀናት ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሰመራ ደርሼ ስነግራት አላለቀሰችም። ጋሽ ተፈራንም አልወቀሰችም። አንድ ሻንጣ ይዛ ወጣች። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ትከሻዬን ይዛ አቆመችኝ።

«ፊትሽን አዙሪ።»

«ለምን?»

«ወደ ሚሌ ይሁን ወደ ድንበሩ ወደ ገላፊ መሄዴን እንዳታይ። ካላወቅሽ አትዋሺም።»

አዞርኩ። መኪና ቆመ፣ በሩ ተዘጋ፣ ሄደ። ነፋሱ ስለነበር ድምፁ ወዴት እንደራቀ እንኳ አልለየሁም።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ወደ በሩ መጣ። ለስላሳ አነጋገር ያለው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው። ስሟን ጠራና «እህቴ ናት» አለ። ሐመዱ ከመቀመጫው ሳይነሣ «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም። ውሃ ጠጣ፣ ሂድ» አለው። ሰመራ ውስጥ ውሃ ለማንም አይከለከልም፤ ያቀረብኩለት እኔ ነኝ። ጠጥቶ አመሰገነኝና «አንቺስ የት እንደሄደች አታውቂም?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። አልዋሸሁም።

ከዚያ በኋላ ሰመራ ባዶ ሆነችብኝ። ሻይ ሳፈላ አንድ ኩባያ ይተርፋል። ዓመት ሳይሞላ ሥራውን ትቼ አዋሽ ገባሁ፤ አገባሁ፣ ወለድኩ። ልጄ ትላንት ስለ ኮምፒውተሮቹ አለቃዋን እንደጠየቀች ነገረችኝ፤ ሳይጸዱ አይሸጡም ተብሏል። አመንኳት፤ ነገም ግን እጠይቃታለሁ።

የወይንሸት ኩባያ እኔ ጋ ነው፤ የቀለሙ ግማሽ ለቋል። ጠባሳዋንም የጻፍኩት በሌላኛው ክንዷ ነው። ታሪኩን አንብቦ እሷ መሆኗን የሚለይ ሰው ካለ አንድ ነገር እለምነዋለሁ። የት እንዳለች አይንገረኝ። ማንን እንዳገባች፣ ምን እንደምትሠራም አይጻፍልኝ። በሕይወት አለች ወይ? ደህና ናት? ይህችን ብቻ ይላክልኝ።