ዓርብ የማትሮጥ ውሻ

ውሻዬ ስም አልነበራትም። የጭካኔ ነገር ሆኖ አይደለም፤ አባቴ ስለከለከሉ ነው። «ስም በክርስትና የሚወጣ ነው። ለውሻ ስም ማውጣት ምን የሚሉት ቅብጠት ነው?» አሉ። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰቆጣ ውስጥ አቋቋም ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው፤ በማኅሌት እግሩን ከመቋሚያው ጋር አስማምቶ የሚያነሳ ሁሉ በእጃቸው ያለፈ ነው። እኔ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ የስፖርት አስተማሪ ነኝ፤ በስም ጉዳይ ልከራከራቸው አቅሙም ድፍረቱም የለኝም። ስለዚህ ውሻዬ «አንቺ» እየተባለች አደገች።

ችግሩ፣ አባቴ እኔንም የሚጠሩኝ «አንቺ» ብለው ነው። ከበረንዳው ሆነው ድምፃቸውን ሲያሰሙ እኔ ከማድቤት፣ እሷ ከጓሮ፣ እኩል ከተፍ እንላለን። አባቴ ሁለታችንንም በየተራ ያዩና እሷን «ሂጂ ወዲያ» ይሏታል። እሷም አልተጠራሁም ብላ አኩርፋ አታውቅም፤ በሚቀጥለው ጥሪ ያው ቀድማኝ ትደርሳለች።

ያገኘኋት ገበያ ላይ ነው። ከጽጽቃ በኩል ፍየል እየነዱ የመጡ አንዲት እናት ነጠላቸው ውስጥ ሸጉጠው ይዘዋት ነበር። መንገዱ ረጅም ነው፣ በእግሯ አትዘልቀውም ብለው አዝነውላት ነው። «ውሰጃት የኔ ልጅ፣ እናቷ ፍየል ጠባቂ ናት። ግን ልንገርሽ፣ አማርኛ አትሰማም» ብለውኝ ሳቁ። እውነታቸውን ነበር። የመጀመሪያውን ወር የእኔን ትእዛዝ ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ስታሳልፈው፣ ጎረቤታችን በኽምጥኛ አንድ ቃል ጣል ካደረጉላት ግን ወዲያው ቁጢጥ ትላለች። እኔ አማርኛ እስካስተምራት ድረስ ጎረቤቴን በአስተርጓሚነት ሳደክማቸው ከረምኩ።

አባቴ ውሻ አይጠሉም። ብቻ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ሰው ውሻ ይነካል ብለው አያምኑም። በመጣች በስድስት ወሯ የማድቤቱን በር በእሾህ አጠሩት። ዘለለችው። ከፍ አደረጉት። ዘለለችው። በሦስተኛው ቀን አጥሩ የእኔ ወገብ ደረሰ፤ እሷም ማድቤት ውስጥ ቁጭ ብላ ጭራዋን ትቆላለች። አባቴ ተናደዱ፤ እኔ ግን ልቤ ቅቤ ጠጣ። ተማሪ መሰናክል ለማዘለል ስንት ዓመት የለፋሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ አነሳስ በአንዱም አላየሁም።

በዚያው ሰሞን በስልኬ አንድ ነገር ተመለከትኩ። በሰው አገር ውሾች ይወዳደራሉ። መሰናክል ይዘላሉ፣ በጨርቅ ዋሻ ውስጥ ይሽሎከለካሉ፣ በመስመር በተተከሉ ዘንጎች መሃል እየተጠማዘዙ ይሮጣሉ፤ ዳኛ ቆሞ ሰዓት ይይዛል። «ይሄማ የእኛዋ ሥራ ነው» አልኩ። በማግስቱ ባዶ ማዳበሪያ ከረጢቶች ሰፍቼ ዋሻ አበጀሁ፣ አሮጌ ጎማ ለመንኩ፣ በርሜል ላይ ሳንቃ አጋደምኩ። አሥሩን የባሕር ዛፍ ዘንግ የምተክልበት ግን አጣሁ። ግቢያችን ውስጥ ቀጥ ያለ መሬት ከውጭው በር እስከ በረንዳው ያለው መንገድ ብቻ ነው፤ በአንድ ወገኑ የጎረቤት አጥር፣ በሌላው የጌሾ መደብ አለ። እዚያው መንገዱ መሃል ተከልኳቸው።

አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጋቢያቸው በሁለተኛው ዘንግ ተያዘ። አላቀቁት። በአራተኛውም ተያዘ። ቆም ብለው አዩኝ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ለውድድር ነው አባዬ። በጥር የትምህርት ቤታችን የስፖርት በዓል ላይ ላሳያት ነው።»

«የምትወዳደረው እሷ ናት ወይስ እኔ?»

ሳቄ እንዳያመልጠኝ አፌን ያዝኩ። በረንዳው ላይ አረፍ ካሉ በኋላ ግን ፍርዳቸውን ሰጡ። ተወዳድራ ስትጨርስ ዘንጎቹ ይነቀላሉ፣ እሷም ወደ መጣችበት ትመለሳለች። እሺ አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ? ከዚያች ቀን ጀምሮ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። አምሮባት ትሮጥና አባቴ «ትቆይ» ይላሉ ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

የማሠለጥናት በቋንጣ ነው። ቋንጣውን በጥርሴ እየቆረጥኩ የቱታዬን ኪስ እሞላለሁ፤ አንድ መሰናክል በዘለለች ቁጥር አንዲት ፍርፋሪ ታገኛለች። በጾም ወራትና በየረቡዕና ዓርቡ ግን መሪጌታ ቤት ውስጥ ሥጋ በኪስ ይዞ መዞር የሚታሰብ አይደለም። በእነዚያ ቀኖች ቱታዬ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይውላል፤ እሷም የሽሮ ፍትፍቷን በልታ ፀሐይ ላይ ትጋደማለች። ይህን ነገሬ ብዬም አላሰብኩት። ሁላችንም የምንኖረው እንዲሁ ስለሆነ፣ ውሻዬ ከዚህ ምን እየተማረች እንደሆነ እንዴት ልጠርጥር?

የስፖርት በዓሉ ዓርብ ዋለ።

ሜዳው በሰው ተጥለቅልቋል፤ መሰናክሉን፣ ዋሻውንና ሌላ አሥር ዘንግ ማልጄ አሰናድቻለሁ። ርዕሰ መምህሩ በድምፅ ማጉያ «በሰቆጣ ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ» እያሉ አስተዋወቁን። ቱታዬን ለብሻለሁ፤ ኪሶቹ ታጥበው ባዶ ናቸው። ፊሽካ ነፋሁ። ወደ መጀመሪያው መሰናክል ሄደች፣ መሃል ላይ ዞር ብላ ተመለሰች፣ አንዱን ኪሴን አሸተተች፣ ሌላውንም አሸተተች። ከዚያ አገጯን እግሯ ላይ አሳርፋ ሜዳው መሃል ተኛች። ለመንኳት። ተቆጣኋት። እኔው ራሴ መሰናክሉን ዘልዬ አሳየኋት፤ ሕዝቡ ለእኔ አጨበጨበልኝ። በመጨረሻ ከተመልካቹ አንዱ «እንዴ፣ ዓርብ እኮ ነው! ጾማ ነው!» ብሎ ሲጮህ ሜዳው በሳቅ ተናጋ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ወሬው እቤት ቀድሞኝ ደርሷል። አባቴ በረንዳው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«ጾመች አሉ?»

«አልጾመችም አባዬ። ኪሴ ባዶ ስለሆነባት ነው።»

«እሱን እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ። አንቺ ምን አገባሽ?»

እንባዬ መጣ። «በቃ፣ ነገ ዘንጎቹን እነቅላለሁ። እሷንም ለገበያተኛ ሰጥቼ እሰዳታለሁ» አልኩ።

አባቴ እንደ ሞኝ ተማሪ አዩኝ። «ለምን? እኔ ያልኩት ተወዳድራ ስትጨርስ ነው። መች ተወዳደረችና?»

እንዲህ ሆና አንድ ዓመት ቆየች። በዚያ ዓመት አባቴ የጽዋ ማኅበራቸው ላይ፣ ሰንበቴ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር የውሻዋን ጾም አወሩ። ሲያወሩት ሲያወሩት ታሪኩ እያደገ ሄዶ፣ ርዕሰ መምህሩ ሥጋ አቅርበውላት ፊቷን አዙራለች እስከማለት ደረሱ። እኔ እዚያ እንደነበርኩ ብነግራቸውም የሚሰማኝ አላገኘሁም።

ሥልጠናዋን ቁጭ ብለው ማየት የጀመሩትም ያን ጊዜ ነው። ማየት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ አሠራሬ አበሳጫቸው። «ትጮኺባታለሽ» አሉኝ አንድ ቀን። «ጩኸት እግር አያነሳም። ምት ስጫት።» አናቷ የተሰነጠቀ፣ ለማኅሌት የማትወጣ አሮጌ መቋሚያ ነበረቻቸው። መቋሚያዋን አንስተው የበረንዳውን ሲሚንቶ መቱት። ጧ። ጧ። ጧ፣ ጧ። ውሻዋ ጆሮዋን ቀሰረች። ልክ ደቀ መዝሙር እንደሚያስጠኑ ነው የያዟት፤ መጀመሪያ ዝግ ብለው፣ እግሯ ሲገባው ፈጠን እያሉ። ስትሳሳት አይቆጡም፤ መምታቱን ያቆማሉ፣ እሷም ትቆማለች፣ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ሦስት ወር ሳይሞላ አሥሩን ዘንግ በአሥር ምት ስትጨርስ ቋንጣዬን የሚጠይቀኝ ጠፋ። «ቀለም የሚገባት ናት» አሉ አባቴ። እኔ በሕይወቴ እንዲህ ተብዬ አላውቅምና ትንሽ ቀናሁ።

በቀጣዩ ጥርም የእኛ ተራ ዓርብ ደረሰ። «ደግ፤ ጾማም መሮጥ እንደምትችል ይታይ» አሉ አባቴ። እሳቸው እንደማይመጡ፣ ለቅሶ እንዳለባቸው ነገሩኝ። ሜዳው ስንደርስ ግን ጥቁር ጃንጥላቸውን ዘርግተው ዳር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ የተሰነጠቀችው መቋሚያም በእጃቸው ናት። «መንገዴ ነው» አሉኝ፤ የለቅሶው ቤት ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ መሆኑን አላነሳሁባቸውም። ድንጋዩን መታ መታ አደረጉት። ውሻዬ ኪሴን ዞራም አላየችው። መሰናክሉን አለፈች፣ ዋሻውን ገብታ ወጣች፣ ሳንቃውን ወጥታ ወረደች፣ አሥሩን ዘንግ ተጠማዘዘችና ሄዳ አባቴ ፊት ቁጭ አለች። እኔ ከኋላ እየሮጥኩ ነበር፤ ማንም አላየኝም።

አንደኛ ወጣች። ሌላ ውሻ ስላልነበረ መጨረሻም ወጣች። የምስክር ወረቀት የሚጽፉት ባልደረባዬ ስሟን ቢያጡ «የመሪጌታ ውሻ» ብለው ሞሉት። አባቴ «የመሪጌታ ውሻ ብሎ ማን ጻፈ?» ብለው ተቆጡና ወረቀቱን ሳጥናቸው ውስጥ ከተው ቆለፉበት።

ያን ቀን ፈራ ተባ እያልኩ፣ «እንግዲህ ተወዳድራ ጨረሰች» አልኳቸው።

«ብቻዋን ሮጣ ውድድር ይባላል? ተወዳዳሪ እስኪገኝ ትቆይ።»

ዘጠኝ ዓመት ተወዳዳሪ አልተገኘም። በየጥሩ ሮጠች፣ በየጥሩ አንደኛ ወጣች። ጠዋት ጠዋት አባቴን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ትሸኛለች፤ ውሻ ከዚያ እንደማያልፍ ማንም ሳይነግራት በሩ አጠገብ ተኝታ ትጠብቃቸዋለች። «እሷ ናት የምትከተለኝ እንጂ ጠርቻት አላውቅም» ይላሉ። አንድም ቀን አልነኳትም። ከበር እስከ በረንዳው በዘንጎቹ መሃል አንዴ ወደ አጥሩ፣ አንዴ ወደ ጌሾው እየዞሩ ሲመጡም፣ አንድም ቀን ሳያጉረመርሙ አላለፉም።

እርጅናዋ ከኋላ እግሯ ጀመረ። የእንስሳት ሐኪሙ በሬና ፍየል እንጂ ውሻ እምብዛም አይመጣለትም፤ ደጋግሞ ዳሰሳትና «አርጅታለች፣ ሌላ ነገር የለባትም» አለኝ። መሰናክሉን ዝቅ አደረግኩላት፣ ከዚያም ይበልጥ ዝቅ አደረግኩት፣ በመጨረሻ መሬት ላይ አጋደምኩት። እሷ በኩራት ትሻገረዋለች። አባቴም ምታቸውን ለእግሯ ልክ አዘገዩት፤ በአንዱና በሌላው ምት መካከል እኔ ጎመን ከትፌ እጨርሳለሁ። አሥረኛው ዘንግ ጋ ስትደርስ ሁለታችንም እናጨበጭባለን።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አባቴ ከበረንዳው «አንቺ!» ብለው ጠሩ። ከማድቤት ወጣሁ። ብቻዬን ነበርኩ። እሷ እግራቸው ሥር ፀሐይ ላይ እንደተኛች ቀርታለች። አባቴ እጃቸውን አናቷ ላይ አሳርፈው ነበር፤ ሲያዩኝም አላነሱትም።

እኛ አገር የሞተ ውሻ ይጣላል እንጂ አይቀበርም። አባቴ ግን ዶማና አካፋ አምጥተው ሰጡኝ። «ጥልቅ አድርጊው፣ ጅብ እንዳያወጣት» አሉ። ወደ ከተማው ዳር የሚያደርሰኝ ባጃጅ ጠራሁ፤ ሾፌሩ በጆንያ የተጠቀለለውን ሲያይ «ቲቸር፣ እኔ የሞተ ውሻ አልጭንም» አለኝ። የማን ውሻ እንደሆነች ስነግረው ሞተሩን አጠፋ። «ጾመኛዋ? ቀድመሽ አትነግሪኝም?» ብሎ ወርዶ አብሮኝ ተሸከማት፤ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ግራር ሥርም አብሮኝ ቆፈረ። ያለቀስኩት እዚያ ነው፣ ጮክ ብዬ። ሾፌሩ ፊቱን አዙሮ ጠበቀኝ።

በማግስቱ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ቃሌን ልጠብቅ ተነሳሁ። አሥሩንም ዘንግ ነቀልኩ፤ አንዱን ሰባብሬ ምሳ ሠራሁበት፣ የቀሩትን ማድቤት ጥግ አቆምኩ። አሥር ዓመት ያጉረመረሙበት መንገድ ወለል አለ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ማድቤት በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ።

በሩን ከፍተው ገቡ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ከዚያ በባዶው መንገድ ላይ አንዴ ወደ አጥሩ፣ አንዴ ወደ ጌሾው እየዞሩ መጡ። አምስተኛው ጉድጓድ ጋ ሲደርሱ እግራቸው ቆመ።

«ማን ንቀይ አለሽ?»

«እርስዎ ነዎታ አባዬ። ተወዳድራ ስትጨርስ ይነቀላሉ ብለው።»

«ተወዳዳሪ መች ተገኘና?» አሉ።

ዘንጎቹን እያቀበልኳቸው በየጉድጓዳቸው መለሷቸው። ዘጠኝ ሆኑ። አሥረኛው የት ሄደ ሲሉኝ ወደ ምድጃው አመለከትኩ። ወደ ቤት ገቡና የተሰነጠቀችውን መቋሚያ ይዘው ወጡ። በረንዳው ሥር ባለው የመጨረሻው ጉድጓድ ውስጥ ተከሏት፣ ዙሪያዋንም በእግራቸው ረገጥ ረገጥ አደረጉት።

ዛሬም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጋቢያቸው በሁለተኛው ዘንግ ይያዛል። ዛሬም ያጉረመርማሉ፣ እኔም ማድቤት ውስጥ ሆኜ አፌን እይዛለሁ።