በገጹ ጠርዝ ላይ የተጻፉ ቁጥሮች

የክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። አምስት ሴቶች እግራቸውን ወደ በሩ አድርገው ተኝተዋል፤ ሌሎች ስድስት ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቦታው ለሁሉም ስለማይበቃ መተኛት በተራ ነበር። ክፍሉ በረኪናና እርጥብ ፎጣ ይሸታል፤ አንዷ ሽታውን ለመሸፈን የብርቱካን ልጣጭ በጣቶቿ ትጨምቃለች።

«ግቢ፣ ልጄ» አሉኝ ጥግ ላይ የተቀመጡ በዕድሜ የገፉ ሴት። መርካቶ ጨርቅ ይነግዱ እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። «ጫማሽን እዚያው አውልቂ። ሳሎኑ ይኼው ነው፤ መኝታ ቤቱም ይኼው ነው።»

በዚያ ቀን ጠዋት የወሰዱኝ ኬሚስትሪ ከማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ፣ ከቢሮዬ ነው። የታሰረ የሥራ ባልደረባችን ፍርድ ቤት እንዲቀርብ የሚጠይቅ አቤቱታ ላይ ከሌሎች መምህራን ጋር ፈርሜ ነበር። ለአንድ ፊርማ ጥቂት ቀናት እንደሚያቆዩኝ ገምቼ ስለነበር አልደነገጥኩም። ባለቤቴ በዚያን ጊዜ ስቶክሆልም ለትምህርት ሄዷል። የዐሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጄና የስምንት ዓመት ወንድሟ አዲስ አበባ ቤታችን ውስጥ ከእናቴ ጋር ቀርተዋል።

በአራተኛው ቀን ተጠራሁ። የምርመራው ክፍል መስኮት እስከ ግማሹ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። መርማሪው ከእኔ ቢያንስ በዐሥር ዓመት የሚያንስ፣ ሸሚዙ በጥንቃቄ የተተኮሰ፣ ትሑት አነጋገር ያለው ሰው ነበር። ጠረጴዛው ላይ አቤቱታውን ጠብቄ ነበር፤ የተቀመጡት ግን ከቤቴ የተወሰዱ ሰባት መጻሕፍት ናቸው። ከላይ ያለው ተማሪ ሳለሁ የገዛሁት፣ ሽፋኑ ስላለቀ በቀን መቁጠሪያ ወረቀት የለበጥኩት ልብ ወለድ ነው።

«ይህን መጽሐፍ ያውቁታል?»

«የእኔ ነው።»

«ጠርዙ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ምንድን ናቸው?»

ቁጥሮቹ የቤታችን ልማድ ነበሩ። ከእራት በፊት ለልጆቼ አንድ ምዕራፍ ጮክ ብዬ አነብባለሁ። ከእናቴ ካሴቶች ከቀዳኋቸው ዘፈኖች ደግሞ አርባ መርጬ፣ በተራ ቁጥር ጽፌ፣ በቁም ሣጥኑ በር በውስጥ በኩል ለጥፌያለሁ። ምዕራፉ ሲያልቅ ከልጆቹ አንዱ ለዚያ ገጽ የሚስማማውን ዘፈን ይመርጣል፤ ቁጥሩን በገጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ይጽፋል፤ ዘፈኑን ከፍተን እራት እናቀርባለን። ወንዱ ለቀብሩም ለለቅሶውም የሠርግ ዘፈን ይመርጥ ነበር። ሴቷ ግን ታስብበታለች፤ አንዳንዴ «ነገ ልንገርሽ» ብላ ታሳድራለች። ከአርባው አብልጣ የምትወደው ዐሥራ አራተኛው ነበር። እሱንም በቀላሉ አትሰጥም፤ በዚያ ሁሉ መጽሐፍ ውስጥ ለሦስት ገጾች ብቻ ነው የሰጠችው።

«የዘፈን ተራ ቁጥሮች ናቸው» አልኩት።

ፈገግ አለ። «ዶክተር፣ እኔ እንኳ ልጅ አይደለሁም።»

አንድ ገጽ ገለጠ። «እዚህ ላይ ሦስት ሰዎች ወንዝ ይሻገራሉ። አጠገቡ ዐሥራ አራት ተጽፏል። ቀን ነው? ወይስ የሰው ብዛት?»

«ዐሥራ አራተኛው ዘፈን ነው።»

«እስቲ ይዝፈኑት።»

የሚያፌዝ መስሎኝ ነበር፤ አላፌዘም፤ እጁን አጣምሮ ጠበቀ። የመጀመሪያውን ስንኝ ዘፈንኩ። በትዝታ ቅኝት የተዜመ፣ ዝግ ያለ የድሮ ዘፈን ነው። አዝማቹ ላይ ስደርስ ድምፄ ጠፋ። መርማሪው ካቆምኩበት ተቀብሎ፣ ወደ ተቀባው መስኮት እያየ፣ ሁለቱን መስመር በለሆሳስ ጨረሰልኝ። ጥሩ ድምፅ ነበረው።

«እናቴ ትወደዋለች» አለ።

ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። አንድ ዘፈን አብረን ከዘፈንን በኋላ እንዴት ሊቀጥል ይችላል ብዬ አሰብኩ። እሱ ግን ወደ መጽሐፉ ተመለሰ።

«ዘፈኑን አውቀዋለሁ። ቁጥሩን ግን አላውቀውም» አለ። ከዚያም ገጹን ወደ እኔ አዞረው። «ደግሞም ይህ የእርስዎ ጽሕፈት አይደለም። የልጅ እጅ ነው። ትልቋ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው አይደል? አምጥተን እንጠይቃታለን። ምንም አንላትም።»

ዝርዝሩ ቁም ሣጥኑ በር ላይ አለ፣ ሂዱና እዩት ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እዚያ ቤት ውስጥ ግን ልጄ ነበረች። «ምንም አንላትም» ያለበት ለዘብተኛ ድምፅ ከመጣሁ ጀምሮ ከሰማሁት ስድብ ሁሉ ይልቅ አስፈራኝ።

«የእኔ ጽሕፈት ነው» አልኩ። «ታክሲ ውስጥ ስለጻፍኩት ነው የተንሻፈፈው።»

ወረቀትና እርሳስ ሰጠኝ። «ከአንድ እስከ አርባ ይጻፉ።»

እርሳስ አያያዝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አራትን ስትጽፍ እግሩን አስረዝማ ራሱን ክፍት እንደምትተወው፣ አንድን ትንሽ ቆብ እንደምታለብሰው አውቃለሁ። በእሷ እጅ ጻፍኩ፤ አብዝቼ እንዳላመሳስለው እየተጠነቀቅኩ፣ አልፎ አልፎ የራሴን እያስገባሁ። ወረቀቱን ከገጹ ጋር አስተያይቶ ቆየ።

«እንግዲያው የሚስጥር ቁጥሩ ያንቺ ነው» አለ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንቺ ብሎኝ አያውቅም።

«አዎ። የእኔ ነው።»

ጥቂት ቀናት የመሰለኝ እስር በዚያ መልስ ምክንያት ሰባት ወር ሆነ።

ወደ ክፍሉ ተመልሼ የሆነውን ስነግራቸው የመርካቶዋ እናት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «አይ ዶክተር! እኛስ መሣሪያ ደበቃችሁ ተባልን። አንቺ ዘፈን ደብቀሽ ተያዝሽ?» ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ሲበርድ ግን እሳቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ልጅቷን አስጠንቅቂያት። ልጅ እናቱን አድናለሁ ብሎ የማይናገረው የለም።»

የማስጠንቀቅበት መንገድ አልነበረኝም። ከቤት ምግብ ይገባል እንጂ ብጣሽ ወረቀት አይወጣም።

ቅዳሜ ጠዋት ጠያቂ እንዲገባ ተፈቀደ። በእኛና በጠያቂዎቹ መካከል ሁለት የሽቦ አጥሮች አሉ፤ በአጥሮቹ መካከል ባለው መተላለፊያ አንዲት ፖሊስ ትመላለሳለች። ለመሰማት መጮኽ ያስፈልጋል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ መጥታለች፤ ልጄ አጠገቧ ሽቦውን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ሰላምታ እንኳ አልሰጠችኝም። መንገዱን ሁሉ ስታጠናው የመጣችውን ነገር ነው የተናገረችው።

«ማሚ፣ ሐሙስ ዕለት መጥተው ሌሎቹንም መጻሕፍት ወሰዱ። ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ነው የሚያዩት። ቁጥሮቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ ብዬ ልንገራቸው?»

ፖሊሷ ቆመች።

«የምን ቁጥር?» አልኩ።

«የመጽሐፉ! ዐሥራ አራትን እኮ እኔ ነኝ...»

«አንቺ ምንም አልጻፍሽም።»

«ጽፌያለሁ እንጂ! ወንዙን ሲሻገሩ፣ አንቺ ራስሽ...»

«ምንድን ነው የምትለው ልጅቷ?» አለች ፖሊሷ ወደ እኔ ዞራ።

ሳቅሁ። እንደዚያ ስቄ አላውቅም። «እሷን ተዪያት፣ እህቴ። ማንበብ የሚባል ነገር አትወድም፤ በዕድሜዋ አንድ መጽሐፍ ጨርሳ አታውቅም። ሰው እንዲያያት ነው የምትቀባጥረው።»

ፖሊሷም ፈገግ አለች። «የእኔዋም ያው ናት። ስልክ ብቻ!» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

እናቴ ሁሉም ገብቷታል። ልጄን ትከሻዋን ይዛ ወደ ራሷ አስጠጋቻት። ልጄ አላለቀሰችም። የጨበጠችውን ሽቦ ለቀቀች። የቀረችውን ደቂቃ እናቴ ስለ ወንዱ ልጅ ሳል ነገረችኝ። እናቴ የዚያኑ ዕለት ቤት ገብታ ዝርዝሩን ከቁም ሣጥኑ በር ላይ ልጣ እንዳቃጠለችው የሰማሁት ከተፈታሁ በኋላ ነው። ልጄ ከዚያ ወዲህ በመጣች ቁጥር ስለ ፈተና ውጤቷ ብቻ ነበር የምታወራው።

በሚቀጥለው ሳምንት ቃሌን አስመዝግቤ እንድፈርም ተጠራሁ። መርማሪው የቁጥሮቹን ፍቺ ጠየቀኝ። በሁለት ጣት የሚተይብ ጎልማሳ ጸሐፊ ማሽኑ ፊት ተቀምጧል።

«ከአንድ እስከ አርባ አስጽፋለሁ» አልኩ። «የዘፈኑን ርዕስና የዘፋኙን ስም።»

ጀመርኩ። ዘጠነኛው ላይ መርማሪው እጁን አነሣ። «በቃ፣ ገባኝ።»

«አልገባዎትም። ፍቺ ጠይቀዋል፤ ፍቺው አርባ ነው።»

ለምን እንደተወኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት የምሳ ሰዓቱ ገና ስለነበረ ይሆናል። ዐሥራ አራተኛው ላይ ስደርስ «ይህን ገጹ ላይ የጻፈው ማነው?» አለ። «እኔ» አልኩ፤ ጸሐፊውም «እኔ» ብሎ ጻፈ። ሃያ ሁለተኛውና ሃያ ሦስተኛው ሲገለባበጡ አስቁሜ አሳረምኩ። ሃያ ስድስተኛው ላይ ጸሐፊው ከማሽኑ ቀና ሳይል «እህቴ፣ እሱን የዘፈነው እንኳ ወንድ አይደለም፤ ሴት ናት» አለኝ። ልክ ነበር። «አመሰግናለሁ፣ ያርሙልኝ» አልኩት። መርማሪው ሁለታችንንም እያፈራረቀ አየን።

ሲያልቅ ሁለት ገጽ ሆነ። ሁለቱንም ገጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩ። «ሚስጥራዊ ዝርዝር» ከሚለው ርዕስ ላይ «ሚስጥራዊ» የሚለው ካልተሰረዘ አልፈርምም አልኩ፤ ተሰረዘ። ከአርባኛው ዘፈን ሥር አንድም ቃል እንዳይጨመር መስመር አሰመርኩና፣ መስመሩ ላይ ፈረምኩ። በአንድ የመንግሥት መዝገብ ውስጥ የቤታችን ዘፈኖች በትክክለኛ ተራቸው ተቀምጠዋል። በሐሰት የተመዘገበው ዐሥራ አራተኛው ብቻ ነው።

ከተፈታሁ በኋላ ልጆቹን ይዤ ወደ ባለቤቴ ሄድኩ፤ አሁን የምንኖረው ስቶክሆልም ዳር፣ ስፖንጋ በሚባል ሰፈር ነው፤ ባለቤቴ በተከራየው አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ልጆቹ ዐሥራ ሰባትና ዐሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ በአማርኛ ስጠይቃቸው በስዊድንኛ ይመልሳሉ። ወንዱ ዝርዝሩን ጨርሶ አያስታውሰውም። ባቡር ውስጥ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ያቀብለኝና የራሱን ሙዚቃ ያሰማኛል፤ እኔም ከአርባው አንዱን አሰማዋለሁ። «ቀርፋፋ ነው» ይለኛል፤ ይሁን እንጂ እስኪያልቅ ያዳምጣል።

ከእህቱ ጋር እንዲህ አልሆነልኝም። በመጣን በሁለተኛው ዓመት በአጎራባቹ ሰፈር ቬሊንግቢ ካለው ቤተ መጻሕፍት አንድ የአማርኛ ልብ ወለድ ተውሼ፣ እንደ ድሮው ከእራት በፊት ላንብብላችሁ አልኩ። ወንዱ ተቀመጠ። እሷ ቆማ ሰማችኝና «እኔ ማንበብ አልወድም» አለች። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ በአማርኛ፣ ቃላቱን እየለየች ተናገረችና ወደ ክፍሏ ገባች።

ባለፈው ዓመት ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየላጥን ሳለ ነገርኳት። ለምን እንደሳቅሁ፣ ፖሊሷ ቆማ እንደነበር፣ መርማሪው አምጥተን እንጠይቃታለን እንዳለኝ፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል አስረዳኋት። ቢላዋን ሳታስቀምጥ አዳመጠችኝ።

«ያግ ቬት፣ ማማ» አለች። አውቃለሁ ማለቷ ነው። ከዚያም በአማርኛ ቀጠለች፤ ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። «ያኔም አውቄ ነበር፤ ሞኝ አልነበርኩም። ግን ሳቅሽ የውሸት አይመስልም ነበር።»

የተረፈውን ሽንኩርት አብረን ላጥን።

ልጄን ከዚያ የምርመራ ክፍል አስቀርቻታለሁ። ያ ቀን ቢመለስ ደግሜ አደርገዋለሁ። የሆነው ግን ዐርፎ የሚተኛ ነገር ነው ብዬ ራሴን አላታልልም።

እንደምታነብ አውቃለሁ። ቦርሳዋ በመጽሐፍ ማዕዘን ተወጥሯል፤ ከቤተ መጻሕፍቱ የሚሰጡት የመመለሻ ቀን ወረቀት ልብስ ሳጥብ ከኪሷ ይወጣል። ስገባ ግን እጇ ላይ ያለው ስልክ ነው። ምን እያነበብሽ ነው ብዬ አልጠይቃትም፤ ያ ጥያቄ በጠረጴዛ ማዶ ሲቀርብ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው አውቃለሁና። ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ጮክ ብዬ እስላለሁ። ቁልፉን በሩ ላይ ከሚያስፈልገው በላይ አንቃጭላለሁ፤ ጫማዬን ቀስ ብዬ አወልቃለሁ። መጽሐፏን ለማስቀመጥ የሚበቃ ጊዜ ማግኘቷን ስገምት ነው «ቤቶች!» ብዬ የምገባው።