ባዶዎቹ የመድኃኒት በርሜሎች

ግሪሳ ወፍ የቀወት ወረዳን ማሽላ በወረረበት ዓመት የመርጫ አውሮፕላን መካኒክ ሆኜ ሸዋ ሮቢት ሰነበትኩ። አውሮፕላኗ አንድ ሞተርና አንድ ወንበር ያላት ትንሽ ነገር ናት፤ ከከተማው ወጣ ብሎ በግሬደር በተደለደለ የአፈር ሜዳ ላይ ነው የምታርፈው። አብራሪው ዕድሜውን በዚህ ሥራ የጨረሰ ዝምተኛ ሰው ነበር። ከሁለታችን በላይ ደግሞ ጣቢያውን የሚመራ አንድ ኃላፊ አለ።

ሰው መካኒክ ሲባል ግሪስ ብቻ ይታየዋል። ግሪሳ ላይ መድኃኒት የሚረጨው ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ወፉ ለማደር ዛፍ ላይ ሲሰፍር ነው። አውሮፕላኗ መንጋውን ሰንጥቃ ስለምታልፍ በማግስቱ የሞተሩን ሽፋን ስከፍት የሚጠብቀኝ ሥጋ ነው። ላባው፣ አንጀቱ፣ ቀጫጭን እግሩ ሁሉ በሞተሩ ሙቀት ተጠብሶ እንደ ሙጫ ተጣብቋል። አየር ማስገቢያው ከተደፈነ ሞተሩ ስለሚግል በሽቦና በብሩሽ እየፈለፈልኩ አወጣዋለሁ። በዚያ የቆላ ሙቀት ክርፋቱ ጉሮሮ ውስጥ ይቀመጣል። ቁርስ መብላት የተውኩት ያኔ ነው።

የባሰው ግን መድኃኒቱ ነበር። የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፤ ታጥቤ ልብስ ብቀይርም ይከተለኛል።

አንድ ቀን ጠዋት ከአውሮፕላኗ ሆድ ሥር ያለው የመርጫ ፓምፕ ሲያንጠባጥብ አገኘሁት። ጎሚኒው፣ ማሸጊያ ጎማው፣ ተበልቷል።

"ትናንት ሽታው እስከ ወንበሬ ገብቶ ሲያዞረኝ ነበር" አለኝ አብራሪው።

ኃላፊው መጥቶ፣ "በላስቲክ ጥፍር አድርገሽ እሰሪው። ማታ መነሳት አለባት" አለ።

"ላስቲኩን መድኃኒቱ ይበላዋል። መቀየር አለበት" አልኩት። እያጉረመረመ ሄደ።

ቀይሬ ስጨርስ ቀትር ሆኗል። እኔና አብራሪው በጣቢያው ፒካፕ በአስፋልቱ ዳር ወዳለችው ጀውሃ ከተማ ሄደን፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች የሚበዙበት ምግብ ቤት ገባን። በሩ አጠገብ ቧንቧ የተገጠመለት ሰማያዊ በርሜል ቆሟል። እጄን ታጥቤ ፊቴን ላብስ ስል ያ ሽታ መጣ። መጀመሪያ የራሴ እጅ መስሎኝ ነበር። ውሃውን አሸተትኩት፤ ከውሃው ነው። ዞር ብዬ በርሜሉን ሳየው ከተላጠው ወረቀት ላይ የመርዝ ምልክት የሆነው የራስ ቅል ሥዕል ግማሹ ቀርቷል።

ባለቤቷ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። "እትዬ፣ ይሄ በርሜል ከየት መጣ?" አልኳቸው።

"ከእናንተው ዘንድ ነዋ! አለቃችሁ ነው የሰጠን፣ አላህ ይስጠው። ለሌላም ሰው ሰጥቷል።"

"ለእጅ ብቻ ነው የምትጠቀሙበት?"

"ለወጡም ለሻዩም ነው እንጂ! ምነው?"

አስፋልቱ ዳር ሮጬ ወጥቼ አስመለስኩ።

የነገራቸው አብራሪው ነው። "መርዝ የነበረበት ነው፣ እትዬ። ቢታጠብም አይለቅም።"

"ያ ረቢ!" ብለው ራሳቸውን ያዙ። "ሰሞኑን ቤቱ ሁሉ ሲያስመልሰው እኛ ሙቀቱ ነው እንላለን!" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "እያወቃችሁ ነው?"

እኔም አሁን ገና ማወቄን ነገርኳቸው፤ የሚያምኑኝ አልመሰለኝም። ውሃውን ሊደፉት ሲሉ ፍየሎች እንዳይጠጡት ብለን ከጓሮ ጉድጓድ ቆፍረን ደፋነውና አፈር መለስንበት። በርሜሉን ፒካፑ ላይ ጫንን፤ ቤተሰቡንም ጤና ጣቢያ አድርሰን ተመለስን።

ኃላፊው ዳስ ሥር ጫቱን ይዞ ተቀምጧል።

"በሳሙና አሳጥቤዋለሁ እኮ" አለ በርሜሉን ፊቱ ስናወርደው። "ሰው ለመነኝ፣ ሰጠሁ። ደግነት ነው።"

"አንተ ትጠጣበታለህ?" አልኩት።

"እኔማ የታሸገ ውሃ ነው የምጠጣው።"

ይህን ሲል አላፈረም። የወፍ አንጀት ስፈለፍል እንኳ እንደዚያ አልተጸየፍኩም። ዲጅኖ አንስቼ የቀሩትን ባዶ በርሜሎች አንድ በአንድ ወጋኋቸው። "ንብረት ነው! ትጠየቂበታለሽ!" እያለ ይጮሃል። አብራሪው ግን የራስ ቆቡን አወለቀና ከአውሮፕላኗ ክንፍ ሥር ተቀመጠ። "የሰጠኸው በርሜል ሁሉ ካልተመለሰ እኔ አውሮፕላን አላስነሳም" አለ።

ኃላፊው ያን ጊዜ ፒካፑን ይዞ ወጣ። ጀምበር ሳትጠልቅ በርሜሎቹን ይዞ ተመለሰ፤ አንዱ ብቻ ጎደለ። በአህያ ተጭኖ ወደ አሊዩ አምባ ገበያ ሄዷል አሉ። በማግስቱ እኔና አብራሪው ሄደን ገበያውን ጠየቅን፤ በመስጊዱ ድምፅ ማጉያም አስነገርን። ይዞ የመጣ የለም።

እትዬን በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። "አልሐምዱሊላህ፣ ተሽሎናል" አሉኝ። "ግን እዚህ አትብሉ፣ ልጄ። እናንተን ያየ ደንበኛ ይሸሻል።" አልተቀየምኳቸውም።

የግሪሳው ዘመቻ ሲያልቅ ለኃላፊው ሽኝት ተደረገለት። ለሕዝብ ቅርብ የሆነ ሰው ተብሎ ተመሰገነ፤ ጋቢም አለበሱት። ሰው ሲያጨበጭብ እኔና አብራሪው ተነስተን ወጣን።