ዕጣ የወጣላቸው በሮች

ከኮምቦልቻ የተነሣሁት ሰኞ ጎህ ሲቀድ ነው። ስንብቱ ግን እሑድ ምሽት፣ መግሪብ ከተሰገደ በኋላ፣ እናቴ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጣ አልነሣም ስትል ጀመረ።

«አልዘጋ ብሎ ነው የተጫንሽው?» አልኳት።

«አይደለም፤ እንዳይሄድ ነው።»

ሥራዬን እንደገና እንድነግራት ጠየቀችኝ። በብዙ አገሮች በአንድ ወቅት፣ በአንድ ዓይነት መጠይቅ የሰዎች ኑሮ እንደሚጠና፣ የኔ ድርሻ መቐለ ላይ ቤት ለቤት እየዞሩ መጠየቅ እንደሆነ ለአሥረኛ ጊዜ አስረዳኋት።

«የማታውቂውን ሰው በር አንኳኩተሽ ምን በላህ፣ ስንት ልጅ አለህ ልትዪ?»

«አዎ።»

«ለማኝ እንኳ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ሰዓዳ!»

ስቄ ስጨርስ እሷ እያለቀሰች ነበር።

ይህን የምጽፈው ኮምቦልቻና ደሴ ለቀራችሁ ጓደኞቼ፣ ለሥራ ወደዚህ ለመምጣት ለምታስቡም ነው። ድንበር ሳይሻገሩ ስደት አለ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ። ስታቲስቲክስ ተምሬ ሁለት ዓመት አጎቴ ሱቅ ውስጥ ስኳር ስመዝን ከርሜ ነው የወጣሁት። ልጅ ሆኜ ማይጨው አክስቴ ዘንድ አራት ዓመት ስለተማርኩ ትግርኛ እችላለሁ፤ ለሥራው የተፈለግኩትም በዚያ ነው። አውቶቡሱ ወልድያንና ቆቦን አልፎ ከአላማጣ በላይ ያለውን ዳገት ሲጀምር ብርዱ በመስኮት ገባ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ነጠላቸውን ግማሹን አልብሰውኝ «ኣጆኺ ጓለይ» አሉኝ፤ አይዞሽ ልጄ ማለታቸው ነው። እናቴ ብትሆን «አብሽሪ» ትለኝ ነበር። ቃሉ ሌላ ነው፤ የድምፁ ሙቀት ግን ያው ሆነብኝ።

መቐለ ነፋስ ናት። የኛ አገር አየር ሰውን አቅፎ ያውላል፤ የመቐለ ነፋስ ግን ሻሽሽን ገፎ፣ አቧራውን ጥርስሽ መሃል አስቀምጦ ነው የሚሄደው። ቤት ያገኘሁት በሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ወደ ውቅሮ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ አደይ ምሕረት ከሚባሉ መበለት ግቢ ነው፤ አደይ እዚህ እናቴ ማለት ነው። ክፍሉን ሳያሳዩኝ ጥያቄ ጀመሩ፤ ጠያቂዋ እኔ መስዬአችሁ እንደሆነ እሳቸውን አላያችኋቸውም።

«እስላም ነሽ፣ ኣይደል? በቀን ስንቴ ነው የምትሰግጂው?»

«አምስት ጊዜ።»

«በየጊዜው ትታጠቢያለሽ?»

«ውዱእ አደርጋለሁ፤ እጅ፣ ፊት፣ እግር።»

በጣቶቻቸው ቆጠሩ። «ዋይ ጓለይ! እኛ ጋ ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ሁለቱን ጊዜ ብቻ ብትታጠቢስ? እግዚአብሔር መቐለ መሆንሽን ያያል።»

ክፍሉን ሊከለክሉኝ ነው ብዬ ሰጋሁ። በሳምንቱ ውሃ ሲመጣ ግን አንድ ጀሪካን ለብቻው ሞልተው ደጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ለጾም ቀን የሚሠሩትን ሕልበት፣ ያን ከባቄላና ከአብሽ ተመትቶ አረፋ የሚመስለውን፣ በእንጀራ እያጠቀሱ ያጎርሱኝ ጀመር። መጀመሪያ ቀን ሳሙና የጎረስኩ መስሎኝ ነበር። አሁን ሲቀር እጠይቃለሁ።

ሥራው ቀዳማይ ወያነ ውስጥ ተጀመረ፤ ገበያውና ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት፣ ቤት በቤት ላይ የተደገፈበት የድሮው ሰፈር። አርባ ቤት ደረሰኝ። የፈቃድ ደብዳቤዬ ላይ ማኅተም የሚያሳርፈው የሰፈሩ አስተዳደር ሠራተኛ የቤቶቹን ዝርዝር አይቶ ፊቱን አኮማተረ።

«እነዚህ ምን ያደርጉልሻል? ጥሩ ጥሩ ቤቶች አሉን። ንጹሕ፣ ንግግር የሚያውቁ፣ ሞዴል የሆኑ።»

«በዕጣ ነው የወጡት፤ አይቀየሩም።»

«ዕጣ ለዕቁብ ነው እንጂ ለጥናት ይሆናል?»

«የኛ ከዕቁብም ይብሳል። ዕቁብ ላይ ባለ ዕጣው ቢታመም ወንድሙ ይቀበልለታል። እኛ ጋ ማንም ለማንም አይቀበልም።»

ሳቀና ማኅተሙን አሳረፈልኝ።

በነገር የተሞላው ቤት አሥራ ሰባተኛው ነበር። ባለቤቱን አይተ፣ በኛ አቶ፣ ግደይ ልበላቸው፤ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። በቤቱ ያሉትን አዋቂዎች ስም ታብሌቱ ላይ ስመዘግብ መሣሪያው ራሱ አንድ ሰው ያወጣል፤ ያወጣው የሚስታቸውን ታላቅ እህት ነበር። በጓሮ ክፍል የሚኖሩ፣ ከስልሳ ያለፉ ሴት ናቸው። አደይ ትርሓስ እላቸዋለሁ፤ እውነተኛ ስማቸው አይደለም።

«እሷ?» አሉ አይተ ግደይ። «እሷ ምን ታውቃለች? እኔን ጠይቂኝ። ይህን ቤት የማስተዳድር እኔ ነኝ።»

«ብጠይቅዎት ደስ ይለኝ ነበር፤ ዕጣው ግን የወጣው ለእሳቸው ነው።»

«ያ ማሽን የኔን ስም አላየውም?»

«አይቶታል፤ አላወጣዎትም እንጂ።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። የሱቃቸውን ስልክ ቁጥር ሰጥተውኝ፣ ትርሓስ ታማለች ብለው መለሱኝ። ሕጋችን በልዩ ልዩ ቀን ሦስት ጊዜ ሳይሞከር ቤት አይተውም ይላል። ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ «ተኝታለች» አሉኝ። ሦስተኛ ጊዜ የሄድኩት ሰኞ ነበር፤ የገበያ ቀን ስለሆነ አይተ ግደይ ሱቅ ነበሩ። በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው አደይ ትርሓስ ናቸው።

«እኔን? እኔን ነው የምትጠይቂው?» አሉኝ። ሁለት ጊዜ ደገሙት።

ጓሮ ክፍላቸው ገብቼ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከሰዓት በላይ ቆየን። ምን እንደነገሩኝ እዚህም አልጽፍም። ሲጨርሱ እጄን ያዙኝ።

«ጓለይ፣ ይህ ከዚህ በር አይወጣም፣ ኣይደል?»

«አይወጣም አደይ። መምጣቴንም ማንም ከእኔ አይሰማም።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ የመቐለው አስተባባሪያችን ኪዳነ ቢሮ ጠራኝ። ሥራችንን የሚመረምረው ክፍል ናይሮቢ ነው ያለው፤ ከየአገሩ ከመጣው መረጃ ጥቂት እየመዘዘ ለመላሾቹ ስልክ ያስደውላል። አደይ ትርሓስ ስልክ ስለሌላቸው የተደወለው ለአይተ ግደይ ነበር። እሳቸውም «እኔ ቤት ማንም አልተጠየቀም፤ አንዲት ልጅ መጥታ ሁለቴ መለስኳት» ብለዋል። በሚያውቁት ልክ እውነታቸውን ነው።

«እውነቱን ንገሪኝ» አለኝ ኪዳነ። «ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለሽ ነው የሞላሽው?»

«ወላሂ፣ ክፍላቸው ገብቼ ነው!»

«እንግዲያው ቀላል ነው። ለሰውየው እደውልና በሌሉበት ትርሓስን አነጋግረናል እላለሁ።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«በሌሉበት እንደተነጋገርን ካወቁ ምን አልሽ ይሏቸዋል። እኔ ከዚህ ከተማ እሄድ ይሆናል፤ እሳቸው ግን የሚኖሩት እዚያው ጓሮ ነው።»

ኪዳነ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «አንድ ቤት ሐሰት ከተባለ አርባውም ይጣላል። አንቺም ትባረሪያለሽ።»

ያን ቀን እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። ነፋሱ ፊት ለፊት ነበር። መሄድ ቀላል ነው ብዬ አሰብኩ፤ አጎቴ ሱቅ ያለው ሚዛን እየጠበቀኝ ነው። ግን ሌባ ተብዬ? ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሕጉን ልጠላው አልቻልኩም። በየአገሩ እንደኔ በር የሚያንኳኩ ስንትና ስንት ናቸው፤ ማናችንንም የሚያየን የለም። ያ ሁሉ የቁጥር ሰንጠረዥ የሚቆመው ደጃፍ ላይ ያለችው ሴት ካልዋሸች ብቻ ነው። ናይሮቢ የተቀመጥኩት እኔ ብሆን እኔን እጠረጥር ነበር።

በማግስቱ ኪዳነን አስደወልኩት። ናይሮቢ ያለው ኃላፊ ትሕትና የሞላበት፣ በረዶ የመሰለ እንግሊዝኛ ነበረው።

«በየአገሩ የተያዘ ጠያቂ ሁሉ የኔ ጉዳይ ልዩ ነው ይላል» አለኝ።

«ልዩ ነው አላልኩም። አርባውንም ቤት መርምሩ ነው የምለው። ጥቂት መዝዛችሁ አይደለም፤ አርባውንም። አሥራ ሰባተኛው ቤት ግን ስልክ አትደውሉ። ሴት መርማሪ ላኩ፣ ሰኞ ቀን።»

«እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም» አለና ፈቀደ።

ሮማን የምትባል መርማሪ ከአዲግራት መጣች። አሥር ቀን ወደ ሰፈሩ ድርሽ እንዳልል ተከለከልኩ። አደይ ምሕረት ግቢ ሆኜ የአገሬን ሙቀት እያሰብኩ ቀኖቹን ቆጠርኩ፤ ለእናቴ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እያልኩ ስልክ አሳጥር ነበር።

ሮማን ስትመለስ ፊቷ ግማሽ ብሩህ ግማሽ ጨለማ ነበር። ሠላሳ ዘጠኙ ቤት አስታውሶኛል። «ስዋ አልጠጣም ብላ ያስቀየመችን ልጅ» ያላላት ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ስዋ የአገሩ ጠላ ነው።

«አሥራ ሰባተኛው?»

«ሰኞ ሄድኩ። ብቻቸውን አገኘኋቸው። እያዟዟርኩ ጠየቅኋቸው። ‹አላውቃትም፣ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም› አሉኝ።»

ፈርተው ነው ብዬ አሰብኩ፤ ወይም ሰውየው ሰምተው አስፈራርተዋቸዋል።

ለሠላሳ ዘጠኙ ሲባል አልተባረርኩም፤ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ያ ቃለ መጠይቅ ግን ተሰረዘ። ቤቱ በመዝገቡ ላይ ምን ተብሎ እንደቀረ ኪዳነን ጠየቅኩት።

«‹መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ ያልሆኑ› ተብሎ» አለኝ።

በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠየቁት፣ ከሰዓት በላይ ያወሩኝ ሴት፣ እምቢ ካሉት ጋር ተቆጠሩ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ የበዓል ቀን፣ ቀዳማይ ወያነ ከቤተ ክርስቲያን በሚወጣው ሕዝብ መሃል ስሻገር አንድ እጅ አንጓዬን ያዘ። አደይ ትርሓስ ነበሩ። ግራ ቀኝ አይተው ወደ ግድግዳው ጥግ ሳቡኝ።

«አንዲት ሴት መጥታ ነበር» አሉኝ በሹክሹክታ። «ብልህ ናት! በዚህም በዚያም ብላ ስላንቺ ልታወጣጣኝ ነበር። አላውቃትም አልኳት። ምንም አልነገርኳትም።» ፊታቸው እንደ ልጅ በርቷል። «አደራሽን አልበላሁም፣ ጓለይ።»

መጠይቁ መጨረሻ ላይ ጮክ ብሎ የሚነበብ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ሥራዬን ለማረጋገጥ ሌላ ሰው ሊመጣ ይችላል» የሚል። እጄን ሲይዙኝ ታብሌቱን ዘጋሁትና አላነበብኩላቸውም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ቃላቸው መሰረዙን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ያን ፊት አይቼ ዘጋሁት።

«የቐንየለይ፣ አደይ» አልኳቸው። ከዚህ የከበደ ምስጋና በሁለቱም ቋንቋ አላውቅም።

ዘንድሮ ሁለተኛው ዙር ጀምሯል። አዲስ ጠያቂዎችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር አንድ በአንድ አስነሥቼ አስነብባቸዋለሁ። እስኪሰለቻቸው።

ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እናቴ ደወለች።

«እስቲ አጫውችኝ፤ የሰው ቤት ገብተሽ ምን ትሰሚያለሽ?»

«አይነገርም፣ እማ።»

«ለእናትም?»

«ለእናትም።»

ከጀርባዋ የኮምቦልቻ ባጃጅ ጥሩምባ ይሰማኛል። «ለኛስ መቼ ነው ዕጣው የሚወጣው?» አለች፤ እየቀለደች ይሁን አይሁን አልገባኝም።

ስልኩን ይዤ በሩን ዘጋሁና አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ።

«እማ፣ ዛሬ ምን በላሽ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም አለ።»

ለእንግዳ የሚሰጥ መልስ ነበር። ቶሎ ወደ ጎረቤቶቿ ወሬ ልትሻገር ስትል አስቆምኳትና፣ ጥያቄውን ቀስ ብዬ ደገምኩላት።