ዶሮ የሰፈረበት ሞተር

ሰፈርተኛው «ካፒቴን» ይለዋል። ስሙ የወጣለት በእርግጥ ጀልባ በሚነዳበት ዘመን ነበር፤ ዛሬ ግን ግማሹ ሰው የሚጠራው ለፌዝ ነው። ካፒቴን ከውሃ ከራቀ ዓመታት አልፈዋል። መንገድ ዳር ባለች የጣውላ ክፍል ውስጥ ጫማ ይጠግናል፤ ሶል ይለጥፋል፣ ተረከዝ ይቀይራል፣ የተማሪ ቦርሳ ዚፕ ያስገባል። በርጩማውንም ሁልጊዜ ጀርባውን ለሐይቁ በሚሰጥበት በኩል ነው የሚያስቀምጠው።

ምክንያቱን የማያውቅ የለም። አንድ ቀን ሰው አድርሶ ብቻውን ሲመለስ፣ ሐይቁ መሐል ሞተሩ ጸጥ አለበት። ነፋስ ተነሣ፤ ማዕበሉ ጀልባዋን በውሃ ይሞላት ጀመር። ሌሊቱን ሙሉ ውሃውን በጫማው ሲቀዳና ሲደፋ አደረ። ዓሣ አጥማጆች ሲያገኙት መቀመጫውን አቅፎ ነበር፤ ጣቶቹን ከእንጨቱ ማላቀቅ አቃታቸው። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ባልዲ ስትሞላ እንኳ ፊቱን ያዞራል። ሞተሩን ጓሮ ካለው ዕቃ ቤት ውስጥ አንድ ጣውላ ላይ ሰቀለው፣ ጆንያ አለበሰው፣ ዳግመኛም አልነካውም። ዶሮዎቹ አዩና ሰፈሩበት። ጀልባዋን የሚስቱ ታናሽ እህት ወሰደቻት፤ ቄጠማ አጭዳ ለምንጣፍ ሠሪዎች የምትሸጥ፣ ምላሷም እንደ ማጭዷ የተሳለ ሴት ናት።

ያን ቀን ሚስቱ ማዶ ነበረች። እናቷን ልትጠይቅ በአንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ተሻግራ፣ ከምሳ በኋላ ልትመለስ ነበር። ከምሳ በኋላ ነፋስ መጣ። ካፒቴን የቆርቆሮው ጣሪያ ሲንኳኳ ሰምቶ መርፌውን አስቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ቄጠማ አጫጇ የሚስቱ እህት እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ የሽማግሌው ጀልባ ከቄጠማው ባሻገር ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። የሚቀዝፈው ሰው የለም።»

«እህትሽስ?»

«ሩቅ ነው፤ ሰው አልለየሁም። ነፋሱ ወደ አለቶቹ እየገፋው ነው።»

«የሕዝብ ማመላለሻዋ ጀልባስ…»

«ለጥገና ተወስዳ የለም እንዴ! በእኔዋ ደግሞ በመቅዘፊያ ብቻ አልደርስም።»

ሁለቱም የሚያስቡት ጆንያ የለበሰውን ሞተር ነበር። ካፒቴን በርጩማውን ገፍቶ ተነሣ። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ይኸው ነው፣ ብሎ አሰበ።

ዕቃ ቤት ገብተው ዶሮዎቹን አባርረው ጆንያውን ገፈፉት። የላዩ ክዳን ኩሳቸው ደርቆበት በመዶሻ ተመትቶ ነው የተከፈተው። ከታንኩ ውስጥ የወጣው አሮጌ ቤንዚን እንደ ቫርኒሽ ይሸታል። ያንን ደፍቶ አዲስ ከዘይት ጋር አደባለቀ። ነዳጅና አየር የሚያቀላቅለውን ካርቡሬተር ሲፈታ ሆዱ ውስጥ ቡናማ ሙጫ የመሰለ ነገር ረግቶ አገኘ፤ በጥርስ ብሩሽ ፈቀፈቀው፣ የተደፈኑትን ቀዳዳዎችም በቀጭን ሽቦ ወጋቸው። እሳት የሚያስነሣውን ካንዴላ ሶል በሚሞርድበት የብርጭቆ ወረቀት አጸዳው። የማስነሻው ገመድ በስብሶ እጁ ላይ ሲቀር፣ የጫማ ክር ደራርቦ ገመደ። ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት ጠብ አድርጎ በእጁ ቢያዞረው ሞተሩ ድርቅ አለ። እንደገና ገፋው። ክርር አለና ዞረ። አጫጇ «ተመስገን!» ስትል እሱ ግን ላብ አሰመጠው፤ ብሎኑም ሦስቴ ከእጁ ወደቀበት።

«ጋሼ፣ ቶሎ በል እንጂ!»

«እጄ ነው እንቢ ያለኝ! ሰው እጁን ይቆጣል?»

ተሸክመው ወርደው ከጀልባዋ ኋላ አሰሩት። ውሃው ቁርጭምጭሚቱን ሲነካው ትንፋሹ ቁርጥ አለ። ገመዱን ሳበ። ምንም። ደግሞ ሳበ፤ አንዴ ሳል አደረገና ዝም። ትከሻው እስኪዝል ሳበ፣ ሳበ፣ ሞተሩ አልነሣም አለ። ያኔ በደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሲላወስ ተሰማው፤ ደስታ ነበር። አልነሣም አለ፤ እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ? የቻልኩትን ሞክሬአለሁ። ማንም አይፈርድብኝም። ይህን እያሰበ ዐይኑ የነዳጁ ታንክ ክዳን ላይ አረፈ። የአየር መተንፈሻዋን ትንሽ ብሎን አልከፈታትም። እሷ ካልላላች ነዳጅ አይወርድም።

አጫጇ አላየችም፤ ብታይም አይገባትም። ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃል። በዚያች ቅጽበት ከማዕበሉ ይልቅ ራሱን ፈራ። ሚስቱ ውሃ ውስጥ ስትሆን እሱ ደረቅ መሬት ላይ ደስ ብሎት! ብሎኗን አላላት። ገመዱን ሲስብ ሞተሩ ሰማያዊ ጭስ ተፍቶ ጮኸ።

«ምን ነበር ችግሩ?» አለች አጫጇ ዘላ እየገባች።

«እኔ ነበርኩ» አላት። በጩኸቱ አልሰማችውም።

ቄጠማውን እንዳለፉ ማዕበሉ ጀልባዋን እያነሣ ይጥላት ጀመር። ካፒቴን ጥርሱን ነክሶ ዐይኑን ከሞተሩ ሳይነቅል ነዳ፤ ውሃውን ላለማየት ነው። ሞተሩን እያየ ግን ሌላ ነገር አየ። ከጎኑ መፍሰስ የነበረበት ቀጭን ውሃ አይፈስም። ውሃ የሚስበው ፓምፕ ጎማ ደርቋል ማለት ነው። ውሃ ካላቀዘቀዘው ሞተሩ ግሎ ይነክሳል፣ ውስጡ ተጣብቆ ይቀራል፤ ከነከሰ ደግሞ አይመለስም። እጁን ቢያስጠጋ ብረቱ ፈጀው።

«ማጥፋት አለብኝ» አለ።

«እዚህ? መሐል ላይ? አብደሃል?»

«እስኪበርድ። አለዚያ ለዘላለሙ ይጠፋል።»

በገዛ እጁ አጠፋው። ለዓመታት በሕልሙ እየመጣ ሲያባንነው የኖረው ያ ጸጥታ ተመልሶ መጣ፤ የውሃው ጥፊ ብቻ ይሰማል። አጫጇ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ነፋሱ ለማቆየት ትቀዝፋለች፤ እሱ እጁን አውጥቶ ውሃ እየጨለፈ ብረቱ ላይ ያፈሳል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጸሎት ይሁን ስድብ አጫጇ መለየት አልቻለችም። ብረቱ ለእጅ ሲመች ገመዱን ሳበ። ተነሣ። እንዲህ እያጠፉ፣ እያበረዱ፣ እያስነሡ ሄዱ። በጠፋ ቁጥር ልቡም አብራው ትጠፋለች።

ሽማግሌውን የደረሱበት አለቶቹ ላይ የሚሰበረው ነጭ አረፋ ጎልቶ ከታየ በኋላ ነው። ሽማግሌው በጀልባው ወለል ላይ ተጋድሟል፤ አንድ ክንዱን በሌላው አቅፏል፤ መቅዘፊያ የለም። ከእሱ በቀር ሰው የለም። የካፒቴን ሚስት ሻርፕ ግን መቀመጫው ሥር ረጥቦ ተጠቅልሏል።

«እሷስ?» አለ ካፒቴን። «ሚስቴስ? ሚስቴ የት አለች?»

ሽማግሌው አፉን ከፈተ። ጥርሱ ተንገጫገጨ እንጂ ቃል አልወጣም። ደህናውን እጁን አንሥቶ ወደ ውሃው ጠቆመ። ካፒቴን ዓለም ጨለመችበት።

«ማዶ…» አለ ሽማግሌው በመጨረሻ፤ «ማዶ ቀረች። ነፋሱን አይታ አልሳፈርም አለች። እኔንም አትሂድ ብላኝ ነበር፤ ሻርፗን ለብርዱ ሰጥታኝ… አልሰማኋትም።»

አጫጇ እየሳቀች አለቀሰች። ካፒቴን ግን የሚስቅበትም የሚያለቅስበትም ጊዜ አልነበረውም። ገመድ ወርውሮ የሽማግሌውን ጀልባ አሰረና የራሳቸውን ጀልባ አፍንጫ ወደ ዳር መለሰ። ሞተሩ ከቄጠማው ጫፍ ሲደርሱ አንዴ አቃስቶ ቀጥ አለ። የቀረውን አጫጇና እሱ እየተፈራረቁ ቀዘፉት። ዳር ሲደርሱ ካፒቴን ወርዶ ጭቃው ላይ ተንበረከከና አስመለሰው።

ማዕበሉ መቅዘፊያውን ሲነጥቀው የሽማግሌው ትከሻ ወልቆ ነበር፤ ወጌሻ መለሰለት። ሞተሩ ዕድል ቀንቶት አልነከሰም። ነፋሱ ሲበርድ ካፒቴን ፓምፑን ፈትቶ አዲስ ጎማ ከተተበት፤ ከጎኑ ውሃ ሲንፏፏ እስኪያይ ድረስ ባልዲ ውስጥ ሞከረው። ከዚያ ሚስቱን ሊያመጣ ብቻውን ተሻገረ። ሰው ጀግና ሆነ ብሎ አወራ፤ እሱ ግን ከመሳፈሩ በፊት ከቄጠማው ጀርባ ሄዶ ሆዱን ይዞ ተቀምጦ እንደነበር ያውቃል።

ሚስቱ ዳር ላይ ቆማ ሲመጣ አየችው። ጀልባዋ ውስጥ ገብታ ከጎኑ ተቀመጠች። መሬቱ ከኋላቸው ሲርቅ ፊቱን አየችው።

«ፈርተሃል?»

«በጣም።»

«እንግዲያው ቀስ በል» አለችውና እጇን ከእጁ ጋር የሞተሩ መሪ ላይ አኖረች።