በጾም የተመታው ከበሮ

ላቀው ሐብተ ማርያም የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ በአጉሊ መነጽር ሲያይ የኖረ ሰው እንግዲህ ምን ያምናል? ንጹሕ ውሃ ቢሰጡት ወደ ብርሃን ቀና አድርጎ ያየዋል፤ «እንደምን አደርህ» ቢሉት «ይህስ ምን ሰምቶ ይሆን?» ይላል በሆዱ። ዘመኑም አግዞታል። ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ጎንደር ከል ያላወለቀችበት፣ ሰው ከሰው ሲጫወት ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ የሚጫወትበት ጊዜ።

ይህ ሰው በዓለም ላይ የሚሳሳለት አንድ ነገር ነበረው፤ አንድ ጥቅል ቴፕ። አባቱ መሪጌታ ሐብተ ማርያም በሞቱበት ዓመት የመሩት የልደት ማሕሌት ነው። የቀዳው ራሱ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ነገር ግን የሚያጫውተው ቴፕ ሪከርደር በሆዱ የያዛት እስፒከር ከስኒ ማስቀመጫ አትበልጥም። ጸናጽሉ ይንሿሿል፤ የመሪጌታ ያ ከምድር ሥር የሚወጣ ጎርናና ድምፅ ግን ቅል ውስጥ የገባ ንብ ሆኖ ይቀራል። ከበሮውማ ጭራሽ የለም።

«አባቴን የቀበርሁት ግማሹን ነው፤ ግማሹ እዚህ ውስጥ ታፍኗል» ይል ነበር።

ፒያሳ ወዳለው ሬዲዮ ጠጋኝ ወደ አስማረ የሄደው ለዚሁ ነው። አስማረ ሁለት አሮጌ ሣጥኖች አወጣለት። አንደኛው ሦስት እስፒከር የተደረደረበት ነው፤ ሁለተኛው አንድ ብቻ፣ ድምፅ የሚያርገበግበው እንጀራ የሚያህል ሰፊ ወረቀት ያለው።

«ባለ ሦስቱ ነው ሸጋው፣ አያ ላቀው። ትልቁ ወፍራሙን፣ መካከለኛው የሰውን ድምፅ፣ ትንሹ ቀጭኑን። ሥራ ተከፋፍለዋል።»

«እና አባቴ በሦስት አፍ ሊናገር ነው?»

«ኧረ ጎን ለጎን ናቸው!»

«ባለ ሁለት ምላሱ ሰው አላነሰኝም፣ ባለ ሦስት አፍ ቤቴ ላስገባ?»

አስማረ ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስ ወደ በሩ ዞሮ አየ። «እባክህ ሱቄን አታዘጋብኝ» አለ ዝቅ ብሎ።

ላቀው ጥቅሉን ለማንም አላስነካም፤ ራሱ አጠመደው። በባለ ሦስቱ ከበሮው ሱቁን አናወጠው። የአባቱ ድምፅ ግን ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ሰው የሚተላለፍ መሰለው። በባለ አንዱ ጩኸቱ አነሰ። ነገር ግን ከከበሮው እስከ ጸናጽሉ አንድ አፍ፣ አንድ ደረት ነው። ላቀው ሳያስበው ከወንበሩ ተነሣ፤ አባቱ ገብተው የቆሙ መስሎታል።

«የማን ነበር?» አለ ሣጥኑን እየዳሰሰ።

«የሄደ ሰው።»

«ወዴት የሄደ?»

አስማረ ብሎን መፈለግ ጀመረ። ላቀው ደግሞ አልጠየቀም፤ ሣጥኑን ግን በውስጥም በውጭም በርብሮ ነው የወሰደው።

ዕቃ ወደ ቀበሌ ለማስገባት ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ላቀው የተማረ ነውና በማመልከቻ ላይ «እስፒከር» የሚል የፈረንጅ ቃል ነውር መሰለው። «ሙሉ ድምፅ ያለው ድምፅ ማጉያ፣ ብዛት አንድ፣ ለመኖሪያ ቤት» ብሎ ጻፈ። የአብዮት ጥበቃው ጓድ ዋኘው ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ድምፅ ማጉያ ለስብሰባ ነው። ማንን ልትሰበስብ ነው፣ ጓድ?»

«እኔኑ።»

«አንድ ሰው አይሰበሰብም!»

ማኅተሙን መታለት፤ ከዚያ ግን በደብተሩ አንድ ነገር ጻፈ። ላቀው «ምን ጽፎ ይሆን?» ሲል እንቅልፍ አልወሰደውም።

ጓዳውን መስሚያ ክፍል አደረገው። ድምፁ እንዳያስተጋባ ግድግዳውን አጎዛ አለበሰው፤ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለ፤ አንዲት ወንበር አስገባ። ማንም አይሰማኝም አለ። አጎዛ የሚይዘው ግን ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ወፍራሙ ግድግዳ ሰንጥቆ ያልፋል። ስለዚህ ጎረቤቱ ወይዘሮ እንኳየሁ ዜማውን አልሰሙም፤ የሰሙት ከበሮውን ብቻ ነው። ድም፣ ድም።

ወሩ ደግሞ ሁዳዴ ነው። ጎንደር ውስጥ በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል እንደሚሰቀል ያልተጠመቀም ያውቃል። በጾም ከበሮ የሚመታ ማን ነው? ወይዘሮ እንኳየሁ በማግሥቱ ቦኖ ላይ እንስራቸውን አስቀምጠው «የመሪጌታ ልጅ ጴንጤ ሆነላችሁ!» አሉ። የጴንጤ ጉባኤ በዚያ ዘመን ያሳስራል። ወሬው ከውሃው ቀድሞ ቀበሌ ደረሰ።

ዋኘው ጠብመንጃ ከያዙ ሁለት ጥበቃዎች ጋር መጣ። መስኮቱን አየ፣ አጎዛውን አየ።

«ሰዎቹስ?»

«የቶቹ ሰዎች?»

«መስኮት ጋርደህ፣ ድምፅ ማጉያ አስገብተህ፣ ከበሮ የምትመታላቸው!»

«ወንበሩን እየው እንጂ ጓድ። አንድ ነው።»

«ጴንጤ ቆሞ ነው የሚጸልየው። ክፈተው!»

ቀበሌው ጥቅል ቴፕ እንደ እህል ይፈልግ ነበር፤ ንግግር ይቀዳበታል። ይህን ከወሰዱት አባቱ በመፈክር ሊሸፈኑ ነው። ከፈተው። መሪጌታ ክፍሉን ሞሉት፤ ከበሮው ገባ።

ዋኘው ፊቱ ተለወጠ። «አቁም!» አለ። «ምነው አንተ ሰው፣ በሁዳዴ ከበሮ?»

ጥበቃዎቹ ዞረው አዩት። በውይይት ክበብ ሃይማኖት ሲዘልፍ የሚውለው እሱ ነበር። ዋኘው ጉሮሮውን ጠራረገና ደብተሩን አወጣ።

«እስከ መጋቢት ሃያ ስምንት እንዳይከፈት ታዟል።»

«ለምን እስከዚያ?»

«የመብራት ቁጠባ!»

ሲወጡ ላቀው ቀን ቆጠረ። መጋቢት ሃያ ስምንት ፋሲካ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ተመስገን ይል ነበር። ላቀው ግን ያደረበት ሐሳብ ሌላ ነው፤ ማወቅ የሌለብኝን አውቄበታለሁ፣ እንግዲህ አይለቀኝም። ወይስ ቀኑን የሰጠኝ በዚያ ቀን ሊይዘኝ ነው? አርባ ቀን ያንን አላመጠ።

ፋሲካ ደረሰ። ከቀትር በኋላ ጓዳው ገብቶ ከፈተው። አባቱ ቆሙ። ድምፃቸው ከእግር ጥፍሩ ገብቶ በደረቱ ወጣ፤ ከበሮው ረገጠ። እንባው ሲመጣ ተነሥቶ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ገለጥ አደረገ። ዋኘው አጥሩ ሥር ቆሟል። ብቻውን ነው፤ ረጅም ምንሽር ይዟል።

የላቀው እጅ ወደ ቁልፉ ሄደ። ቀነሰው። ከበሮው ጠፋ፤ አባቱ ተመልሰው ቅላቸው ውስጥ ገቡ። ዋኘው ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ከግንቦት በኋላ ወደ ጦር ግንባር ዘመተ ተባለ፤ አልተመለሰም።

በዚያው ሳምንት ወይዘሮ እንኳየሁ አጥር ላይ ያዙት። «አንተ ላቀው፣ ምነው በፋሲካው ከበሮውን አቋረጥኸው? ጆሮዬን ግድግዳ ላይ አድርጌ ሳደምጥ!»

ከዓመታት በኋላ ነው፣ አንድ በዓል ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ሳለ፣ ያ ቀን ተመልሶ የመጣበት። አንድ ሽማግሌ ደብተራ መቋሚያውን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ ክብደቱን ባንድ እግሩ ጥሎ ያዜማል። ላቀው እንዲህ የቆመ ሰው አይቶ ያውቃል። ዋኘው የምንሽሩን ሰደፍ መሬት አስነክቶ፣ አፈሙዙን ብብቱ ሥር አድርጎ ነበር የቆመው።

ያን ጊዜ ግን እሱ ያየው ጠብመንጃ ነው።